ሕንድ፤ በሩቅ ወዳጆችዋና በቅርብ ጎረቤቶችዋ መካከል

የእስያን ካርታ ዘርግቶ ሕንድን የሚመለከት ሰው በመጀመሪያ የሚያስደንቀው የአገሪቱ ስፋት ነው። ጥቂት ቆይቶ ግን ሌላ ነገር ያስተውላል። በዚያ አካባቢ ያሉት አገሮች አብዛኛዎቹ ከሕንድ ጋር ይዋሰናሉ እንጂ እርስ በርሳቸው አይዋሰኑም። ኔፓልን ከባንግላዴሽ፣ ባንግላዴሽን ከቡታን፣ ቡታንን ከኔፓል የሚለየው የሕንድ መሬት ነው። ስሪላንካና ማልዲቭ በባሕር የተከበቡ ደሴቶች ቢሆኑም ከማናቸውም ትልቅ አገር ይልቅ የምትቀርባቸው ሕንድ ናት። በምሳሌ ብንናገር፣ አንድ ትልቅ ቤት ከግቢው መካከል ተሠርቶ ትንንሾቹ ቤቶች በዙሪያው ተደርድረዋል፤ የትንንሾቹም በር የሚከፈተው ወደ ትልቁ ቤት ነው። በስተ ምዕራብ የአባቱን ርስት ተካፍሎ የተጣላ ወንድም፣ ማለት ፓኪስታን አለ። በስተ ሰሜን ደግሞ ከሂማላያ ተራራ ማዶ ከሁሉም የሚገዝፍ ሌላ ቤት ቆሟል፤ እርሱም ቻይና ነው።

እንግዲህ የሕንድ የውጭ ጉዳይ መርሕ ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከመሪዎቹ ንግግር አስቀድሞ ይህን የቦታ አቀማመጥ ማሰብ ይገባል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።)

የሕንድ ሕዝብ ብዛት 1.4 ቢሊዮን አልፎ በ2023 ከቻይና ሕዝብ መብለጡን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አስታውቋል። የዛሬይቱ ሕንድ ከአሜሪካ ጋር የጦር ልምምድ ታደርጋለች፤ ከሩሲያ ነዳጅና መሣሪያ ትገዛለች፤ ከፈረንሳይ ተዋጊ አውሮፕላን ታስመጣለች፤ ከእስራኤልም ከዓረብ ነገሥታትም ጋር በአንድ ወር ውስጥ ትጨዋወታለች። ይህን ሁሉ ወዳጅ ያፈራች አገር በደጃፍዋ ግን ሰላም አላገኘችም። በካትማንዱም፣ በዳካም፣ በማሌም ስምዋ በተነሣ ጊዜ ፊቱን የሚያጠቁር ሰው ብዙ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው የአገራችን ተረት ለሕንድ ተገላቢጦሽ ሆኖባታል። ይህ ለምን እንደ ሆነ መመርመር የዛሬው ጽሑፋችን አሳብ ነው።

የኔህሩ መንገድ

ሕንድ በ1947 ከእንግሊዝ አገዛዝ ነፃ ስትወጣ ጠቅላይ ሚኒስትርዋ ጃዋሃርላል ኔህሩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቱንም ሥራ ደርበው ያዙ፤ በ1964 እስኪሞቱም ድረስ፣ ማለት ለ17 ዓመታት፣ ለሌላ ሰው አላስረከቡትም። ዓለም በዚያን ጊዜ በአሜሪካና በሶቪየት ኅብረት ሰፈር ተከፍላ ነበር። የኔህሩ አሳብ በአጭሩ፣ ትናንት ከአንድ ቀንበር የወጣ ሕዝብ ዛሬ ወደ ሌላ ቀንበር አንገቱን አያስገባም የሚል ነበር። ከሁለቱም ወገን ርዳታ ይቀበላሉ፤ ለሁለቱም ወገን የጦር ሰፈር አይሰጡም፤ የሚመስላቸውንም በግልጽ ይናገራሉ።

ከቻይና ጋር በ1954 አምስት መሠረተ አሳብ ያለበት ውል ተፈራረሙ፤ ከእነዚህም ውስጥ አንዱ የሌላውን ግዛት ማክበርና በውስጥ ጉዳይ አለመግባት ይገኙበታል። በሚቀጥለው ዓመት በኢንዶኔዥያ በባንዱንግ ከተማ 29 የእስያና የአፍሪካ አገሮች ሲሰበሰቡ፣ አገራችን ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች፣ ኔህሩ የቻይናውን ጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤን ላይን እየያዙ ከሌሎቹ ጋር ሲያስተዋውቁ ታይተዋል። በ1961 በቤልግሬድ የገለልተኛ አገሮች ጉባዔ ሲከፈት የኔህሩ ስም ከመሥራቾቹ ጋር ይጠራ ነበር።

ነገር ግን ከሂማላያ በላይ ነገሩ ሌላ ነበር። ቻይና ቲቤትን ከያዘች በኋላ አክሳይ ቺን በሚባለው ባዶ አምባ ላይ መንገድ ሠራች፤ ሕንድ ያ መሬት የእኔ ነው ትላለች፤ ስፋቱም 38 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1959 ደግሞ የቲቤት ሃይማኖት መሪ ዳላይ ላማ ተራራውን አቋርጠው ወደ ሕንድ ተሰደዱ፤ ኔህሩም ተቀበሏቸው። ከዚያ በኋላ የወንድማማችነቱ መዝሙር ቀረ።

በኦክቶበር 20 ቀን 1962 የቻይና ጦር በምዕራብም በምሥራቅም በኩል ወረደ። ቀኑ እንዴት ያለ ቀን እንደ ነበረ ልብ ማለት ይገባል፤ በዚያው ሳምንት አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በኩባ ሚሳይል የተነሣ ዓለምን በአቶሚክ እሳት ሊያቃጥሉ ተፋጠው ነበርና ወደ ሂማላያ የሚያይ ዓይን አልነበረም። የሕንድ ወታደሮች በዚያ ብርድ የክረምት ልብስ እንኳ በሚገባ አልነበራቸውም። ከ1 ሺህ የሚበልጡ ሞቱ፤ ወደ 4 ሺህ የሚሆኑ ተማረኩ። የገለልተኝነት አባት የሚባሉት ኔህሩ በኖቬምበር 19 ቀን ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ ደብዳቤ ጽፈው የአሜሪካ ተዋጊ አውሮፕላኖች እንዲመጡላቸው ለመኑ። ከሁለት ቀን በኋላ ቻይና በራስዋ ፈቃድ ተኩስ አቁማ በምሥራቅ በኩል ከያዘችው መሬት ተመለሰች፤ አክሳይ ቺንን ግን አልለቀቀችም።

ኔህሩ ከዚህ በኋላ ሁለት ዓመት አልኖሩም። የሕንድ ባለሥልጣኖች ግን ከዚያ ወር የተማሩትን ነገር እስከ ዛሬ አልረሱትም። የተማሩትም ሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱም አይስማሙም። አንደኛው፣ ብቻውን የቆመ አገር በክፉ ቀን የሚደርስለት ያጣል። ሁለተኛው፣ ሌላው የሚደርስልህ የራሱ ጉዳይ ሲፈቅድለት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የሕንድ የውጭ ጉዳይ ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ መካከል መመላለስ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

በ1971 ይህ በግልጽ ታየ። የምሥራቅ ፓኪስታን ሕዝብ ከምዕራቡ ጋር ተጣልቶ ወደ 10 ሚሊዮን የሚሆኑ ስደተኞች ወደ ሕንድ ገቡ። አሜሪካ በዚያን ጊዜ ከቻይና ጋር ለመታረቅ ፓኪስታንን እንደ አማላጅ ይዛት ስለ ነበር ዝም አለች። ወይዘሮ ኢንዲራ ጋንዲም በኦገስት 9 ቀን ከሶቪየት ኅብረት ጋር የወዳጅነት ውል ፈረሙ። በዲሴምበር ጦርነቱ ተነሥቶ በ13 ቀን ውስጥ 93 ሺህ የሚሆኑ ፓኪስታናውያን እጃቸውን ሰጡ፤ ባንግላዴሽ የሚባል አዲስ መንግሥትም ተወለደ። አሜሪካ ኢንተርፕራይዝ የተባለውን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ወደ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ላከች። ያ መርከብ አንድ ጥይት ሳይተኩስ ተመለሰ፤ በሕንድ ሽማግሎች አሳብ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ መልሕቁን አላነሣም።

ከዚያ በኋላ የሕንድ ጦር ታንኩም፣ አውሮፕላኑም፣ የባሕር ሰርጓጁም በብዙው የሶቪየት ሥራ ሆነ። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ስትፈርስ ሕንድ ደጋፊዋን ብቻ ሳይሆን ነጋዴዋንም አጣች። በዚያው ዓመት በግምጃ ቤትዋ የነበረው የውጭ አገር ገንዘብ ለጥቂት ሳምንታት የሚበቃ ብቻ ስለ ነበር 47 ቶን ወርቅ በአውሮፕላን ጭና ወደ ሎንዶን ልካ በመያዣ አስቀመጠች። ሙሽራ ጌጥዋን የምታስይዝበት ቀን ቀላል አይደለም፤ በሕንድ ቤት ወርቅ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው የሐዘኑን መጠን ይረዳዋል። የገንዘብ ሚኒስትሩ ማንሞሃን ሲንግ የንግዱን በር ከፈቱ። ከእስራኤል ጋር በ1992 ሙሉ ግንኙነት ተጀመረ፤ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮችም ዓይን ተጣለ። በ1998 ሕንድ አቶሚክ ቦምብ ስትፈትን አሜሪካ ተቆጥታ ቅጣት ጣለችባት፤ ከ10 ዓመት በኋላ ግን ያችው አሜሪካ ከሕንድ ጋር የአቶሚክ ኃይል ስምምነት ፈረመች። ቁጣው እንዲህ ቶሎ የበረደው ቻይና በፍጥነት እያደገች መሄድዋን ዋሺንግተን ስላየች ነው።

ከሁሉ ጋር መቀመጥ

በ1990 የሕንድና የቻይና ሀብት የሚቀራረብ ነበር። ዛሬ የቻይናው ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል። ይህች አንዲት ቁጥር ከብዙ መጽሐፍ የምትበልጥ ናት።

በጁን 15 ቀን 2020 ሌሊት በላዳክ ተራራ በጋልዋን ሸለቆ፣ ከ4 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ የሁለቱ አገሮች ወታደሮች ተደባደቡ። ከዚያ በፊት በተደረጉት ስምምነቶች መሠረት በወሰኑ ላይ ጥይት መተኮስ የተከለከለ ስለ ነበር የተማቱት በድንጋይና ምስማር በተመታበት ዱላ ነው። ሁለቱም የአቶሚክ ቦምብ ያላቸው መንግሥታት ናቸው። ከሕንድ ወገን 20 ወታደሮች ሞቱ፤ ቻይና ቆይታ ከእኔ ወገን 4 ሞተዋል አለች። በዚያ ወሰን ሰው ሲሞት ከ1975 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

ሕንድ ተቆጥታ ቲክቶክንና ሌሎች 58 የቻይና የስልክ ፕሮግራሞችን ከለከለች። ከአሜሪካ፣ ከጃፓንና ከአውስትራልያ ጋር ኳድ በሚባለው የአራትዮሽ ማኅበር ውስጥ የነበራትንም ቦታ አጠበቀች። ነገር ግን የዕቃው ንግድ አልቆመም። የሕንድ ፋብሪካዎች መለዋወጫውንና የመድኃኒት ቅመሙን ከቻይና ያስመጣሉ፤ ሕንድ ከቻይና የምትገዛው ለቻይና ከምትሸጠው በዓመት ወደ 100 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ይበልጣል። በዱላ የተማቱ ጎረቤቶች በማግሥቱ ገበያ ይገናኛሉ።

የሩሲያም ነገር እንዲሁ ነው። በ2022 የሩሲያ ጦር ወደ ዩክሬን ሲገባ ሕንድ በተባበሩት መንግሥታት ጉባዔ ድምፅዋን አልሰጠችም። ከዚያ በፊት ሕንድ ከምታስመጣው ድፍድፍ ነዳጅ የሩሲያው ከመቶ 2 ያህል ነበር፤ ዋጋው ሲረክስ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ሆነ። በዚያው ዓመት በሳማርካንድ ናሬንድራ ሞዲ ለፕሬዚዳንት ፑቲን ዘመኑ የጦርነት ዘመን እንዳልሆነ ፊት ለፊት ነገሯቸው፤ ነዳጁን መግዛታቸውን ግን አልተዉም።

አንዳንድ የምዕራብ ጋዜጠኞች ይህን ሁለት ልብ መሆን ይሉታል። ፍርዱ ትክክል አይመስለንም። የሕንድ ጦር መሣሪያ ከፊሉ መለዋወጫው የሚመጣው ከሞስኮ ነው፤ ከቻይና ጋር የተፋጠጠ መንግሥት በአንድ ቀን መጣል አይችልም። ከዚህም ሌላ ሕንድ የምትፈራው ሩሲያ ብቸኛ ሆና በቻይና እጅ እንድትወድቅ ነው። ሌላው ቀርቶ ያንን ነዳጅ የሕንድ ፋብሪካዎች አጣርተው ናፍጣ ሲያደርጉት ከገዢዎቹ መካከል አውሮፓውያን ይገኙበት ነበር። እንግዲህ ማን በማን ይፈርዳል?

ስለዚህም ሕንድ በአንድ እጅዋ የኳድ አባል፣ በሌላ እጅዋ ከቻይናና ከሩሲያ ጋር የብሪክስና የሻንግሃይ ማኅበር አባል ናት። ከኢራን ጋር የቻባሃርን ወደብ ለማሠራት ተዋውላለች፤ ወደ 9 ሚሊዮን የሚሆኑ ሕንዳውያን በሚሠሩባቸው የባሕረ ሰላጤው ዓረብ አገሮችም ዘንድ ወዳጅ ናት። ኔህሩ ከማንም ጋር አልወግንም ይሉ ነበር፤ የዛሬዎቹ ከሁሉም ጋር እወግናለሁ ይላሉ። ስሙ ተለወጠ እንጂ አንገትን ከቀንበር የማራቁ አሳብ ያው ነው።

እኛም ብንሆን ለሕንድ ያለን ስሜት የሩቅ ወዳጅ ስሜት ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩትን ሕንዳውያን መምህራን ዛሬ ሽማግሌ የሆኑት ተማሪዎቻቸው በመልካም ያነሡአቸዋል። የሐረር ጦር አካዴሚ ሲቋቋም አሠልጣኞቹ ሕንዳውያን መኮንኖች ነበሩ። በሴፕቴምበር 2023 በኒው ዴልሂ በተደረገው የቡድን 20 ጉባዔ የአፍሪካ ኅብረት ቋሚ አባል ሆኖ ሲገባ ሕንድ አስተናጋጅ ነበረች፤ በ2024 መጀመሪያም አገራችን ሕንድ ባለችበት የብሪክስ ማኅበር ገብታለች። በዲሴምበር 2025 ሞዲ ራሳቸው አዲስ አበባ መጥተው በፓርላማ ንግግር አድርገዋል። ከአዲስ አበባ ሆኖ የሚያያት ሰው ሕንድን በመምህርዋ፣ በመድኃኒትዋና በሲኒማዋ ያውቃታል። ከካትማንዱ ወይም ከኮሎምቦ ሆኖ የሚያያት ግን የሚያየው ሌላ መልክ ነው።

ከደጃፍ ያለው ነገር

ከስሪላንካ እንጀምር። በዚያች ደሴት የታሚል ተወላጆች በመንግሥቱ ላይ ባመፁ ጊዜ ሕንድ በ1987 በስምምነት የሰላም ጦር ላከች። ስምምነቱ በተፈረመ ማግሥት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራጂቭ ጋንዲ በኮሎምቦ የክብር ዘብ ሲጎበኙ ከሰልፉ ውስጥ አንድ የስሪላንካ ባሕርተኛ በጠመንጃው ሰደፍ መታቸው፤ ጎንበስ ስላሉ ጭንቅላታቸው ተረፈ። የሕንድ ጦር ሊያስታርቅ ሄዶ ከታሚል ዐማፅያን ጋር ተዋጋ፤ 1,200 የሚሆኑ ወታደሮቹን ቀብሮ በ1990 ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ራጂቭ ጋንዲ በእነዚያው ዐማፅያን በተላከች ሴት እጅ በቦምብ ሞቱ። ሁለቱም ወገኖች የጠሉት አስታራቂ እንዲህ ያለ ዕጣ አለው።

ከዚያ በኋላ ቻይና ገንዘብ ይዛ መጣች። በሐምባንቶታ የተሠራው ወደብ ብድሩ የቻይና ነበር፤ በ2017 ለ99 ዓመት ለቻይና ኩባንያ በኪራይ ተሰጠ። በ2022 የስሪላንካ ግምጃ ቤት ባዶ ሆኖ ሕዝቡ ለቤንዚን ሲሰለፍ ፈጥና የደረሰች ሕንድ ናት፤ የሰጠችውም ብድርና ርዳታ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ሆኖም በዚያው ዓመት በኦገስት ሕንድ እየተቃወመች አንድ የቻይና የምርምር መርከብ በሐምባንቶታ ወደብ እንዲቆም ተፈቀደለት። በዴልሂ ይህን ውለታ ቢስነት ነው ያሉ ነበሩ።

የኔፓል ነገር ከዚህ ይብሳል። ኔፓል ባሕር የሌላት አገር ናት፤ ይህ ለእኛ ብዙ ማስረዳት የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። ነዳጅዋም ጨውዋም በሕንድ በኩል ያልፋል። በ2015 ኤፕሪል የመሬት መንቀጥቀጥ ወደ 9 ሺህ ሰው ሲገድል የሕንድ አውሮፕላኖች በሰዓታት ውስጥ ደረሱ፤ ሕዝቡም አመሰገነ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ኔፓል አዲስ ሕገ መንግሥት ስታወጣ ሕንድ አልወደደችውም፤ በሜዳው ያሉ የኔፓል ተወላጆችም ተቃወሙት። ከዚያ በኋላ የነዳጅ መኪኖች በወሰኑ ላይ ቆሙ። ሕንድ መንገዱን የዘጉት ተቃዋሚዎቹ ናቸው አለች፤ ካትማንዱ የዘጋችው ሕንድ ናት አለች። ማንም ይዝጋው ማን፣ ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች ያንን ክረምት ያለ ጋዝና ያለ መድኃኒት አሳለፉት፤ የኤፕሪሉ ምስጋናም ተረሳ። በማርች 2016 የኔፓል ጠቅላይ ሚኒስትር ወደ ቤጂንግ ሄደው በቻይና ወደቦች ለመጠቀም ስምምነት ተፈራረሙ። ያ መንገድ በተራራ የሚያልፍና እጅግ ሩቅ በመሆኑ ለንግድ እምብዛም አይመችም፤ ነገር ግን ሌላ በር እንዳለ ለማሳየት በቂ ነበር።

ማልዲቭም በ1988 ቅጥረኞች መንግሥትዋን ሊገለብጡ ሲሞክሩ የሕንድ ጦር በአንድ ሌሊት በርሮ አዳናት። በ2023 ደግሞ የሕንድ ወታደሮች ይውጡ በሚል መፈክር ሙሐመድ ሙይዙ ተመረጡ፤ 90 የማይሞሉት ወታደሮች በሜይ 2024 ወጡ። ወራት ሳያልፉ ሙይዙ ዴልሂ ሄደው የገንዘብ ርዳታ ተቀበሉ፤ በጁላይ 2025 የነፃነት በዓላቸው የክብር እንግዳ ሞዲ ነበሩ። እዚህ ላይ ዴልሂ በትዕግሥት አሸነፈች ብንል ይገባታል። በባንግላዴሽ ግን ሕንድ ለብዙ ዓመታት የተማመነችው በአንድ ሰው፣ በሼክ ሐሲና ላይ ነበር። በኦገስት 2024 ተማሪዎች ባስነሡት ዓመፅ ሐሲና በሄሊኮፕተር ሸሽተው ሕንድ ገቡ፤ በኖቬምበር 2025 የዳካ ፍርድ ቤት በሌሉበት ሞት ፈረደባቸው። ደምዋን አፍስሳ ነፃ ያወጣቻት አገር ወጣቶች ሕንድን የአምባገነን ጠባቂ አድርገው ማየታቸው ለዴልሂ መራራ ነገር ነው።

የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል። ኔፓልና ስሪላንካ፣ ማልዲቭም ጭምር፣ በሕንድና በቻይና መካከል የሚያደርጉት ነገር ሕንድ በአሜሪካና በሩሲያ መካከል ከምታደርገው አይለይም። ከሁለቱም ይቀበላሉ፤ ለሁለቱም ሙሉ በሙሉ አይገቡም፤ አንዱ ሲጫናቸው ሌላውን ያሳያሉ። ሕንድ ራስዋ ስታደርገው የነፃ አገር መብት የምትለውን፣ ካትማንዱ ስታደርገው ክሕደት ይመስላታል። ዋሺንግተን ወይም አውሮፓ ከማን ነዳጅ እንደምትገዛ ሲመክሯት የምትቆጣው ዴልሂ፣ ኮሎምቦ የማንን መርከብ እንደምታስጠጋ ልትመክር ትፈልጋለች። ይህ የሕንድ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ከፍ የሚል መንግሥት ሁሉ ወደ ላይ ሲመለከት ትንሽ፣ ወደ ታች ሲመለከት ትልቅ ነው።

የሕንድ ባለሥልጣኖች መልስ አላቸው፤ መልሱም ቀላል አይደለም። የሰሜን ምሥራቁን የሕንድ ክፍል ከቀረው አገር የሚያገናኘው የሲሊጉሪ መተላለፊያ ከጠበበበት ላይ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በአንዱ ወገን ኔፓል፣ በሌላው ባንግላዴሽ አለ፤ ትንሽ ወደ ላይ የቻይና ጦር ይገኛል። ሩሲያ ከሕንድ ጋር ብትነግድ አሜሪካን የሚያሰጋ ነገር የለም፤ በኔፓል ወይም በባንግላዴሽ የቻይና ጦር ቢገባ ግን ሕንድ ከሁለት ትሰነጠቃለች ይላሉ። ስጋቱ እውነተኛ ነው። ሆኖም በዚህ ስጋት የተነሣ የተደረገው መጫን ጎረቤቶችን ወደሚፈራው ወደ ቻይና ሲገፋ ታይቷል።

የወንዝና የጦር ነገር

የፓኪስታን ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ለብቻው የሚቆም ነው። በኤፕሪል 22 ቀን 2025 በካሽሚር በፓሃልጋም መስክ ታጣቂዎች 26 ሰዎች ገደሉ፤ አብዛኛዎቹ አገር ለማየት የመጡ ሕንዳውያን ነበሩ። ሕንድ ፓኪስታንን ከሰሰች፤ ፓኪስታን ካደች። በሜይ 7 ቀን የሕንድ አውሮፕላኖችና ሚሳይሎች መቱ፤ ፓኪስታንም መልሳ መታች፤ በ10ኛው ቀን ተኩስ ቆመ። ተኩሱ መቆሙን በመጀመሪያ ያስታወቁት ፕሬዚዳንት ትራምፕ ናቸው፤ ያስታረቅሁ እኔ ነኝ አሉ። ፓኪስታን አመስግና ለኖቤል የሰላም ሽልማት አጨቻቸው፤ ሕንድ ደግሞ ማንም አላስታረቀንም አለች። በካሽሚር ጉዳይ ሦስተኛ ሰው አይገባም የሚለው የዴልሂ አቋም የቆየ ነውና ዝም ብትል ኖሮ የ50 ዓመት መርሕዋን በጣልች ነበር።

በእነዚያ አራት ቀናት የሕንድ የሩቅ ወዳጆች ምን አደረጉ? ሁሉም ግድያውን አወገዙ፤ ሁሉም ሁለታችሁም ታገሡ አሉ። በግልጽ ከጎንዋ የቆመ ትልቅ መንግሥት አልነበረም። ፓኪስታን ግን የተዋጋችው በብዙው በቻይና አውሮፕላንና ሚሳይል ነው፤ ከውጭ ከምታስመጣው መሣሪያ ከመቶ 80 ያህሉ የቻይና ነውና። ከሁሉ ጋር የተወዳጀ አገር በጭንቅ ቀን ከሁሉ የሚያገኘው መልካም ምኞት ነው። የ1962ቱ ሁለተኛ ትምህርት እንደ ገና ተነበበ።

ከጦሩ ይልቅ ረጅም ዕድሜ የሚኖረው ግን የውሃው ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም። በ1960 በዓለም ባንክ አማላጅነት በተፈረመው የኢንዱስ ውል ምሥራቃዊዎቹ ሦስት ወንዞች ለሕንድ፣ ምዕራባዊዎቹ ሦስት ለፓኪስታን ተመድበው ነበር፤ ውሉም ጦርነቶችን ሁሉ አልፎ ኖረ። ከፓሃልጋም ግድያ በኋላ በማግሥቱ ሕንድ ውሉን አግጃለሁ አለች። ወንዙን በአንድ ቀን ማቆም አይቻልም፤ ለዚያ የሚበቃ ግድብ የላትም። ነገር ግን ከላይ ያለው ውሃውን እንደ መሣሪያ አነሣው የሚለው ስሜት በፓኪስታን ገበሬ ልብ ገብቷል።

በዚያው ዓመት በጁላይ ቻይና በቲቤት ከብራህማፑትራ ወንዝ ላይኛ ክፍል እጅግ ታላቅ የኤሌክትሪክ ግድብ መሥራት ጀመረች። ያ ወንዝ ወደ ሕንድ ይወርዳል፤ ከሕንድም ወደ ባንግላዴሽ። በአሳም ያሉ ሕንዳውያን ከላይ ያለው ጎረቤት ሳያማክረን ይገድባል ብለው ተጨነቁ። ለፓኪስታን ከላይ የሆነችው ሕንድ ለቻይና ከታች ናት። ስለ ወንዝ በቂ ክርክር የሰማ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የሁለቱንም ወገን ቃል ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ በኦገስት 27 ቀን 2025 አሜሪካ በብዙ የሕንድ ዕቃ ላይ የጣለችው ቀረጥ ከመቶ 50 ደረሰ፤ ግማሹ የሩሲያን ነዳጅ በመግዛትዋ የተነሣ ቅጣት ነው ተባለ። የሽሪምፕ አርቢዎችና የልብስ ሰፊዎች ጮኹ። ከአራት ቀን በኋላ ሞዲ ከሰባት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቻይና ገብተው በቲያንጂን ከሺ ጂንፒንግ ጋር ተጨባበጡ፤ በዲሴምበርም ፑቲን በኒው ዴልሂ በክብር ተቀበሏቸው። መልእክቱ ለዋሺንግተን የተላከ ነበር፤ ካትማንዱ በ2016 ለዴልሂ ከላከችው መልእክት ጋር ቃሉ አንድ ነው።

በዚያችው በካትማንዱ የደቡብ እስያ አገሮች የትብብር ማኅበር ጽሕፈት ቤት አለ። ማኅበሩ በ1985 በዳካ ሲመሠረት ሰባት አገሮች ነበሩ፤ አፍጋኒስታን ስትጨመር ስምንት ሆኑ። የመሪዎቹ 18ኛ ጉባዔ በኖቬምበር 2014 በዚያው በካትማንዱ ተደረገ። 19ኛው በ2016 በኢስላማባድ እንዲሆን ተቀጥሮ ሳለ በካሽሚር በኡሪ የሕንድ ወታደሮች ስለ ተገደሉ ሕንድ አልሄድም አለች፤ ባንግላዴሽ፣ ቡታንና አፍጋኒስታንም ተከተሏት፤ ጉባዔውም ቀረ።